«ደመወዝ፦ በስምምነት»

ልጆቼ፣

አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ተኮልኩላችሁ ብዙ ጊዜ አያችኋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ ማኪያቶዬን ጠጥቼ በዚያ በኩል ማለፍ ልማድ ሆኖብኛል። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ዕድሜ፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል። ደመወዝ ላይ ሲደርስ ግን «በስምምነት» ይላል።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ፔሮል ስሠራ ነውና ይህችን ቃል አውቃታለሁ። የቤት ኪራይ የደረሰበት ልጅና ጠረጴዛው ላይ መቶ ሲቪ የተከመረለት ሰውዬ ምን ዓይነት ስምምነት ይስማማሉ?

የደመወዝ ወለል የሚባለው ለዚህ ነው። ተስማሙ፣ ከዚህ በታች ግን አይቻልም ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55 ላይ የደመወዝ ቦርድ ነገር ተጽፏል። ጥናት እየታየ፣ የአገሪቱ ኢኮኖሚና የሥራ ገበያው እየተመዘነ ዝቅተኛው ደመወዝ እንዲወሰን። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮ በሜይ ዴይ፣ በሠራተኞች ቀን፣ ሲጠይቅ እኛም ስንሰማ ዓመታት አለፉ። መስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ሲያድግ የምጠጣበት ካፌ አስተናጋጅ «ጋሼ፣ ለእኛም ነው አይደል?» አለኝ። አይ ልጄ፣ እሱ ለሲቪል ሰርቪሱ ነው።

መሠረታዊ ገቢ የሚሉትም አለ። ብትሠራም ባትሠራም በየወሩ የሚሰጥ ገንዘብ። ፊንላንድ በፈረንጆቹ 2017 እና 2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በወር 560 ዩሮ እየሰጠች ሞክራዋለች፤ ሥራ ያገኘም አልተቋረጠበትም። እኛ ጋ ለእሱ የሚቀርበው በ2009 የተጀመረው፣ ለከተማ ድሆች የሚሰጠው ድጋፍ፣ የከተማ ሴፍቲኔት ነው። ጉልበት ላለው ግን መጥረጊያና አካፋ ይዞ ነው የሚመጣው። ሳይሠሩ የሚሰጠው ግን ሩቅ ይመስለኛል፤ በእሱ አትደገፉ።

ወለሉ ቢወጣ እንኳ ፔሮል ላይ ስሙ የሌለ ሰው አይደርሰውም። አንድ ቦታ ስሠራ ጥበቃዎቹ በኤጀንሲ የመጡ ነበሩ። ለአንድ ሰው በወር የምንከፍለውን ቼክ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን በር ላይ የሚቆሙት አባት እጃቸው የሚገባውን ነገሩኝ። ከምንከፍለው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ካልኩሌተሩን ደግሜ መታሁት። ያው ነው። ከዚያስ? ዝም አልኩ። የራሴን እንጀራ ፈራሁ። እስከዛሬ ያቺ ዝምታ ትከነክነኛለች።

ስለዚህ ወረቀት ጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበት ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ሕጉ ነው የሚለው። «ቤተሰብ ነን እኮ» ካሏችሁም ጠይቁ። ቤተሰብም ይፈርማል።

ሌላው፣ ጠቅላላውን ሳይሆን መነሻውን እዩ። «8,000 ነው» ይሏችኋል፤ ስትገልጡት 3,000 መነሻ፣ 5,000 አበል። ለጡረታ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚቆረጠው ከመነሻው ነው። ጡረታው ደግሞ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። እኔ በጊዜው አበሉ ኪሴን ሲያሞቀው ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ የምበላው ግን በመነሻው ነው፤ ማኪያቶውም አንድ ብቻ የሆነው ለዚያ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ማስታወቂያውን በስልኳ ታነሳለች። «ስንት ትጠብቂያለሽ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» አልኳት። ሳቀች። «እነሱ ያሉትን ነዋ!» አለች። እስክሪብቶ ሰጠኋትና ፖስታዋ ጀርባ ላይ አስደመርኳት። ከሰሚት ደርሶ መልስ ታክሲ፣ ምሳ፣ ከጓደኛዋ ጋር የምትጋራው ኪራይ፣ ካርድ፣ ለእናቷ የምትልከው። ድምሩን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከዚያ ቀና ብላ ያነሳችውን ማስታወቂያ ከስልኳ አጠፋችና ከጎኑ ያለውን ማንበብ ጀመረች።