መልስ፦ ለ16 ዓመት እህቴ ምን መጽሐፍ ልስጣት?

ወንድሜ፣ እህትህ ጓደኛ እንደሌላት፣ ቀኑን ሙሉ ኢርፎን ሰክታ ሙዚቃ ስትሰማ እንደምትውል ነግረኸን፣ በእንግሊዝኛ ምን ታንብብ ብለሃል። እኔ ብሆን የስቲቨን ቸቦስኪን «ዘ ፐርክስ ኦፍ ቢንግ ኤ ዎልፍላወር» ነበር የምሰጣት። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ልብ ወለድ ነው።

ዋናው ገጸ ባህሪ ቻርሊ አሜሪካ ውስጥ ፒትስበርግ ከተማ አካባቢ የሚኖር ዝምተኛ ልጅ ነው። ጊዜው 1991 እ.ኤ.አ. ነው። ሃይስኩል ሲገባ አብሮት የሚሆን ሰው የለውም። ኋላ ሳምና ፓትሪክ የሚባሉ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪዎች ያስጠጉታል። መጽሐፉ በሙሉ ማንነቱ ላልተገለጸ ሰው የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ስለሆነ እንግሊዝኛው አይከብድም።

እኔን የያዘኝ የካሴቱ ነገር ነው። ቻርሊ ለገና ስጦታ ለፓትሪክ ዘፈን መርጦ ካሴት ይቀዳለታል። የእንግሊዙን ባንድ የዘ ስሚዝስን «አስሊፕ» የተባለ ዘፈን ሁለቴ ያስገባዋል! ድሮ ባዶ ካሴት ይዞ፣ የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ሙዚቃ ቤት ያስቀዳ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። አፉ እምቢ ያለውን ልጁ በካሴት ይናገራል። ሦስቱ በፒክአፕ መኪና የመንገድ ዋሻ አልፈው ከተማው ድንገት ፊታቸው ቦግ የሚልበትን ቦታ ደግሞ ስንቴ እንዳነበብኩት!

አንድ ነገር ግን አደራ። ውስጡ በልጅነት የደረሰ ጾታዊ ጥቃት፣ ራስን ማጥፋትና ዕፅ አለ። መጀመሪያ አንተ አንብበው፤ ከዚያ እሷ ስታነብ አጠገቧ ሁን። ደራሲው ራሱ ዳይሬክት ያደረገው የ2012 እ.ኤ.አ. ፊልምም አለ። እሱን ከመጽሐፉ በኋላ አብራችሁ እዩት።