ካርታ የሌለው ቤት፦ የጅማ ነዋሪዎች ጥያቄና መልስ

በቅየሳ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ቤታችሁ ካርታ የሌለው ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቦታውን ከገበሬ በውል ነው የገዛሁት። ሦስት ምስክር ፈርሟል። የእኔ አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ውሉን ግን እንዳትጥለው። መቼ እንደገባህ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ቆጣሪ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ደረሰኞቹን ግን ሰብስበሽ አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሕጋዊ የሚሆነው በምን መንገድ ነው?

መልስ፦ በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በር ከፍቷል። ያለፈቃድ የተያዘ ቦታ ከከተማው ፕላንና ከሽንሻኖው (ከቦታ አከፋፈሉ) ጋር ከተስማማ፣ ሥርዓት ይዞ በሊዝ ይተዳደራል ይላል። አንዱ ወሳኝ ነገር ቤቱ የተሠራበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤቱ በ1997ቱ የአየር ፎቶ ላይ መታየቱ ለብዙ ቤት መለያ ሆኗል።

ሌላው ወሳኝ ነገር የሰፈሩ መተላለፊያ መንገድ ነው፤ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። አንድ ሰፈር ስንለካ መተላለፊያው አንድ ሜትር አይሞላም ነበር። ክንዴን ስዘረጋ ሁለቱንም ቆርቆሮ ነካሁ። አስከሬን ያወጣነው በአጥር ላይ አሳልፈን ነው አሉን። በኋላ ጎረቤታሞቹ ቡና ላይ ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ሁሉም ከአጥሩ ትንሽ ትንሽ ለቀቀ። እባካችሁ ካርታ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን አድርጉ። የባሕር ዛፍ አጥር ማንሳትና የብሎኬት ግድግዳ ማፍረስ አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቤቴ በቦዬ ረግረግ ዳር ነው። ይጸድቅልኝ ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ይከብዳል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ካርታ ቢሰጥዎ ክረምቱ አይምርዎትም። ካሳና ምትክ ቦታም ስለ መሬት ማስለቀቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የሚገባው ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ተነሡ ሳትባሉ፣ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆናችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። ብቻዎን አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ካርታ ካገኘሁ ባንክ ያበድረኛል?

መልስ፦ በዚያ ብቻ አትተማመን። ፔሩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ1 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ የከተማ ቤተሰቦች የባለቤትነት ወረቀት ሰጥታለች። የባንኩ ብድር የተጠበቀውን ያህል አልመጣም። ቤቴን ይቀሙኛል ብሎ ቤት ሲጠብቅ የሚውለው ሰው ግን ወጥቶ መሥራት ጀመረ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ደላላ ካርታ አወጣልሃለሁ ብሎ ብር ጠየቀኝ።

መልስ፦ አትስጠው። ራስህ ሂድ፤ ለከፈልከው ሁሉ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ተቀበል።