ሒሳብ በስልክ፦ ከጎጃም የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ጉዳያቸው አንድ ነው፤ ልጆችን ቤት ውስጥ በስልክና በኮምፒውተር ሒሳብ ማስተማር። ትምህርት ሲከፈትና ሲዘጋ በከረመበት አካባቢ ይህ አይገርምም። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ በየከተማቸው አቀርባቸዋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። የሒሳብ አፑ መዓት ነው፤ የቱን ልጫንላት? የሚከፈልበት ይሻላል?

እህቴ፣ በነጻው ይጀምሩ። ካን አካዳሚ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ትምህርቱን ለመማርም አያስከፍልም። ሳልማን ካን የተባለ ሰው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሌላ ከተማ የምትኖር ዘመዱን በስልክና በኢንተርኔት ሒሳብ ሲያስጠና የተጀመረ ነገር ነው።

ግን ክፍሎቹ የተደረደሩት በአሜሪካ ትምህርት ነው። ልጅዎ 5ኛ ክፍል ስለሆነች ብቻ «5ኛ ክፍል» የሚለውን አይክፈቱላት። ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ይጀምሩና የኮርሱን ማጠቃለያ ፈተና ያስሞክሯት። አብዛኛውን ከመለሰች ወደ ላይ ይውጡ። ከተንገዳገደች የጎደላት እዚያ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ቦታውን አወቃችሁ። ስለ ዶላር ሳንቲም፣ ስለ ጫማና ኢንች የሚያወሩትን ትምህርቶች ይዝለሏቸው። እዚህ በብዛት በሜትር እንጂ በኢንች አይለካም።

ሌላም አለ። ልጅቷ ፍንጭ የሚሰጠውን ቁልፍ ስትነካ ጥያቄው እንደተሳሳተች ይቆጠርባታል። ውጤቷ ዝቅ ሲል አይቆጧት፤ እርዳታ መጠየቋ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል።

የሚከፈልባቸውስ? እንደ አይኤክስኤል ያሉት መልመጃቸው ብዙ ነው፤ ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪና በውጭ ካርድ ነው። አሜሪካ ያለውን አጎት ከማስቸገርዎ በፊት ነጻውን አንድ ወር ሳታቋርጥ ትጠቀምበት እንደሆነ ይዩ። ነጻውን ያልከፈተ ልጅ የተከፈለበትንም አይከፍትም።

ከቡሬ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ፕሮዲጂ የሚባል የሒሳብ ጌም ላይ ተተክሎ ይውላል። እየተማረ ነው ወይስ እየተጫወተ?

ሁለቱንም፤ ጨዋታው ግን ይበዛል። ጌሙ ውስጥ ጥያቄ ሲመልስ አስማት ይወረውራል፣ ጭራቅ ያሸንፋል። በመሃል ግን ይዞራል፣ ልብስ ይመርጣል፣ እንስሳ ይሰበስባል። አባል ሁኑና ክፈሉ የሚለውም አይጠፋም። አጠገቡ ሩብ ሰዓት ይቀመጡና ስንት ጥያቄ እንደሠራ ይቁጠሩ። አምስት ስድስት ከሆነ ጌም ነው በቃ። አይከልክሉት፤ የደብተሩን ሥራ ሲጨርስ ይጫወት።

ከፍኖተ ሰላም፦ መምህር ነኝ። ኔትወርኩ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። የሰፈሩን ልጆች በምን ላስጠና?

ኮሊብሪን ይሞክሩ፣ መምህር። ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ተብሎ የተሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ ጭምር ይይዛል። ኔት ባለበት ከተማ ላፕቶፕ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ያወርዱታል፤ ከዚያ የልጆቹ ስልክና ታብሌት በዋይፋይ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሁሉንም አያውርዱ፤ ቪዲዮ ቦታ ይበላል። የሚያስተምሩትን ምዕራፍ ብቻ ይምረጡ። መብራት እንደሚጠፋ አስበው ባትሪውን አስቀድመው ይሙሉ።

ከሞጣ፦ 8ኛ ክፍል ነኝ። ጥያቄውን ፎቶ ሳነሳው መልሱን ከነአሠራሩ የሚሰጠኝ አፕ አለ። አባቴ ኩረጃ ነው ይላል።

ፎቶማዝን ነው የምትዪው። አባትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። መጀመሪያ ራስሽ ወረቀት ላይ ሥሪው። ከዚያ ፎቶ አንሺና የአንቺንና የእሱን አሠራር መስመር በመስመር አስተያዪ። የተለያያችሁበት መስመር ላይ ነው ትምህርቱ ያለው። ሳትሠሪ ፎቶ ካነሳሽ ግን ኩረጃ ነው፤ ሚኒስትሪ ፈተና ላይ ደግሞ ስልክ አይገባም።

ከባሕር ዳር፦ የእህቴን ልጅ እያሳደግሁ ነው። ቪዲዮ ሲያይ «ገባኝ» ይላል፣ ፈተና ላይ ይወድቃል። አፑን ልቀይርለት?

አይቀይሩ። ችግሩ አፑ አይመስለኝም። ሰው ሲሠራ ማየት ሁሌም ቀላል ነው፤ እጅ ካልሠራ ግን ምኑም አይቀርም።

አንድ ነገር ይሞክሩ። ½ ሲደመር ⅓ ስንት ነው ብለው ይጠይቁት። ብዙ ልጆች ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው 2/5 ይላሉ። አፑ «ተሳስተሃል» ይልና ትክክለኛውን አሠራር ያሳያል፤ ልጁም ቀጥሎ የሚለውን ይነካል። እርስዎ ግን እንዲህ ይበሉት፦ «ግማሽ እንጀራ ነበረህ፤ ሲሶ ጨመርኩልህ። 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ጨምሬልህ እንዴት አነሰብህ?» ዝም ይላል። ይተዉት፣ ያስብ። ከዚያ እንጀራውን ስድስት ቦታ ይቁረጡለት፤ ግማሹ ሦስት ቁራጭ፣ ሲሶው ሁለት፣ በድምሩ 5/6። ይህን ጥያቄ ስክሪን አይጠይቅልዎትም።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ይሁን፦ ስልኩ ሲከፈት ደብተርና እስክሪብቶ አብረው ይቀርባሉ። ቪዲዮው አልቆ «ገባኝ» ካለ ስልኩን ይገልብጡና ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይረው ይስጡት። ከሠራው ገብቶታል። ጮክ ብሎ ካስረዳዎትማ እርስዎም ይማራሉ።

ከቢቸና፦ የልጅ ልጄ በስልክ ይማራል። እኔ የተማርኩት ቤተ ክህነት ነው፣ እንግሊዝኛ አልችልም። በምን ላግዘው?

አባቴ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክህነት ስሌት፣ ያውቃሉ? ማካፈልና ቀሪ ለሚማር ልጅ ከእሱ የተሻለ መልመጃ አላገኘሁም፤ ይህን ስል ስለ አፖቹም ማለቴ ነው። አብራችሁ የ2018 ዓ.ም.ን አውጡ፤ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት በስሌቱ ውስጥ የሚወጡ ቁጥሮች ስም ናቸው። 5500 ላይ ሲደመር ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን፣ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል። ስለ ዘመን አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 በ30 ሲገደፍ (30ው እየተቀነሰ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ እንደዚያው ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልመጡ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ልጁ ራሱን የሚያርምበት መንገድ አብሮት መጣ።

ከዚያ 2019ን ብቻውን ያውጣ። አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ከሆነለት ልክ ነው።