ወንድሜ፣ መርፌውን እንዳትጀምር

«የዘር ምርመራዬ በሚሊ 3 ሚሊዮን ብቻ ነው። አንድ ክሊኒክ የወንድ ሆርሞን መርፌ ጀምር ብሎኛል፣ ልጀምር?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይዤ ነበር። የእኔ 4 ሚሊዮን ነበር።

1. መርፌውን አትጀምር። እኔ ጀምሬው ነበር። ቴስቶስቴሮን ነው፤ «ዘርህን ያበዛል» ተብዬ ስምንት ወር ተወጋሁ። እውነት ለመናገር ጉልበት ሰጥቶኛል፣ ስሜቴም ተነቃቅቶ ነበር። ደግሜ ስመረመር ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዜሮ ነው። አንድም የለም! በኋላ ያየኝ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ መራቢያ አካል ሐኪም) አስረዳኝ። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል በቂ አለ ብሎ ወደ ቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ቆለጥም ዘር መሥራቱን ይተዋል። ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ይሆን እንደሆነ በጥናት የተሞከረ መድኃኒት እኮ ነው። ልጅ ፈልጎ ለመጣ ሰው ይሄ ይታዘዛል? ብሩስ ይቅር። ባለቤቴ ያኔ 34 ዓመቷ ነበር፤ ስምንቱን ወርና ዘሩ እስኪመለስ የጠበቅነውን አንድ ዓመት ማን ይመልስልናል?

2. በአንድ ወረቀት አትወስን። ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅበህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመርመር። ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ወደ ሦስት ወር ይፈጃል፤ በዚያ መሃል ከባድ ትኩሳት ታመህ ከነበር ቁጥሩን ያወርደዋል። ናሙናውን ከቤት የምታመጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርስ፣ እንዳይቀዘቅዝም ልብስህ ውስጥ ያዘው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ላብራቶሪ የማይቆለፍ ሽንት ቤት ነው የሰጡኝ። ውጤት ልቀበል ስሄድ ልጅቷ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል «የዘር ምርመራ ያለህ የትኛው ነህ?» ብላ ጮኸች። ለሁለተኛ ምርመራ ለመሄድ ወራት ያቅማማሁት በዚህ ነው። አንተ እንደኔ አትሸሽ፣ ሌላ ቦታ ሂድ።

3. ከዘሩ አልፈህ መላ ሰውነትህን አስመርምር። ዩሮሎጂስቱ በእጁ መረመረኝ። እስከዚያ ቀን ሱሪህን አውልቅ ያለኝ ሐኪም አልነበረም! ከዚያ የቆለጥ አልትራሳውንድ፣ ኤፍኤስኤች (አንጎል ዘር እንዲሠራ ወደ ቆለጥ የሚልከው ሆርሞን)፣ የጠዋት ቴስቶስቴሮን፣ ደም ግፊትና ስኳር አዘዘልኝ። ዘራቸው ያነሰ ወንዶች ላይ የቆለጥ ካንሰር ከሌላው ሰው በዛ ብሎ ይታያል አለኝ፤ የራሳቸው ቴስቶስቴሮን ዝቅ ካለ ደግሞ በጊዜ ብዛት አጥንት ይሳሳል። የእኔ አልትራሳውንድ ንጹሕ ነበር። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ ግን 212! ለካ የስኳር በሽታ አለብኝ። ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት የምነሳው ውሃ ስለማበዛ ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ እንዴት አንድ ሰው ጣቴን አይወጋም? ልጅ ፍለጋ ባልወጣ ኖሮ ዓይኔ ወይ ኩላሊቴ ሲታመም ነበር የማውቀው።

4. ለባለቤትህ... እዚህ ጋ ምክር የለኝም፣ የራሴን ልንገርህ። እናቴ «ፀበል ውሰዳት» ስትል ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ። ባለቤቴ የማህፀን ቱቦዋን በራጅ ስትታይ፣ በሕመም ስትጠማዘዝ፣ እኔ ገና አልተመረመርኩም ነበር። ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት «እማዬ፣ ችግሩ ከእኔ ነው» አልኳት። እናቴ አለቀሰች፣ ተነስታም ባለቤቴን ሳመቻት። ሕክምና ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያን ቀን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ዛሬ ስኳሬ 115 ነው፣ 11 ኪሎ ቀንሻለሁ። ዘሩ ወደ 6 ሚሊዮን መጥቷል። ልጅ ገና አላየንም፤ አንድ ዘር ተመርጦ እንቁላል ውስጥ የሚገባበትን ሕክምና ጀምረናል። ለዚያ ጥቂትም ይበቃል ተብለናል።

መርፌውን ጀምረኸው ከሆነ ሳትውል ሳታድር ዩሮሎጂስት ጋ ሂድ፤ ስንት ጊዜ እንደተወጋህም ሳትደብቅ ንገረው። የሆርሞንህና የስኳርህ ውጤት ሲመጣ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።