መልስ፦ ዓይነ ስውር ተማሪዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያስተምሩ

ውድ እህቴ፣ «ዓይነ ስውር ተማሪዎች ተመደቡልኝ፤ እንዳላስከፋቸው ፈርቻለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ብለው ለጠየቁት፣ እነሱን ከመጠየቅ ይጀምሩ እላለሁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ አንዱን ተማሪ ሳላስጠነቅቀው ክንዱን ይዤ ስጎትተው፣ «መምህር፣ እኔ ክንድዎን ልያዝ» ብሎ በትሕትና አረመኝ፤ ከዚያ ወዲህ ክንዴን ሰጥቼ እስኪይዘኝ መጠበቅን ለመድሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን ሁሉ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ለጽሑፍም በቂ ጊዜ ይስጧቸው፤ በአማርኛ ብሬል፣ ማለትም በጣት በሚነበበው የነጥብ ጽሑፍ፣ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ምልክት ይፈጃል። በስሌት (ወረቀቱን በሚይዝ ባለ ቀዳዳ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (ነጥቦቹን በሚወጋ ሹል መሣሪያ) የሚጽፍ ተማሪ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፣ ጽሑፉን በጣቱ የሚያነበው ግን ወረቀቱን ገልብጦ ነው። ያ ያረመኝ ልጅ ከፈተና በፊት መዳፉን ባዶው ወረቀት ላይ አሳርፎ በለሆሳስ ሲጸልይ፣ ከዚያም ገና ያልዳሰሰውን መስመር በእርጋታ ሲወጋ ባየሁ ቁጥር የራሴ ጸሎት ጥድፊያ ይታወቀኝ ነበር።