ለ15 ኳስ ሚሊዮን ዶላር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምንኖረው ሱሉልታ ነው። የ13 ዓመት ልጅ አለኝ፤ አጎቱ ከአሜሪካ ሲመጣ የቤዝቦል ጓንትና ኳስ ይዞለት መጣ፣ ከዛ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን አስቀምጦ ኳሱን ከአጥሩ ግንብ ጋር ማላተም ነው። በስልክ የሚያየው ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ገብተው አሥር አሥራ አምስት ኳስ ወርውረው የሚወጡትን ነው። ሚሊዮን ዶላር ይከፈላቸዋል ይለኛል። እውነት ይሄ ሥራ ነው? ክንዱስ አይጎዳም?
የልጁ እናት

መልስ፦ ሥራ ነው እናቴ፣ ያውም ከባድ። ሚሊዮኑም እውነት ነው፣ እዛ የሚደርሱት ግን ጥቂት ናቸው።

ቤዝቦል 9 ዙር አለው። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ (ጀማሪው) ሲደክም ወይም መቺዎቹ ኳሱን በዱላ መምታት ሲጀምሩበት ተተኪ ይገባል። ቡድኑ እየመራ የመጨረሻውን ዙር የሚዘጋው ደግሞ ክሎዘር ይባላል፤ ልጅዎ የሚያየው እሱን ይመስለኛል።

ብዙዎቹ ተተኪ እሆናለሁ ብለው የተነሱ አይደሉም፤ ጀማሪነቱ አልሆን ሲላቸው ነው የሚመጡት። ማሪያኖ ሪቬራን ይውሰዱ። የፓናማ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፣ ልጅ እያለ ጓንቱ ካርቶን ነበር (የእርስዎ ልጅ በዚህስ በልጦታል)። በ1995 ኒውዮርክ ያንኪስ የተባለው ቡድን በጀማሪነት ሞከረው፣ ክፉኛ ተመታ። በ1997 ክሎዘር አደረጉት። ጫማውን በሰቀለበት በ2013፣ በ652 ጨዋታ ገብቶ ድል አስጠብቆ ነበር፤ የደረሰበት የለም። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

የሚገርመው በአብዛኛው የሚወረውረው አንድ ዓይነት ኳስ ነው፣ ከተር የሚሏትን። በሰዓት ወደ 150 ኪሎ ሜትር እየበረረች ቀጥ ብላ ትመጣና መጨረሻ ላይ ትንሽ ዞር ትላለች። ግራኝ መቺ ከሆነ እጁ ሥር ትገባበታለች፣ በዱላው ቀጭን በኩል ያገኛታል፣ ዱላው ቀሽ! ሊሰናበት በነበረበት ዓመት የሚኒሶታው ቡድን ከተሰባበሩ ዱላዎች የተሠራ ተወዛዋዥ ወንበር ሸልሞታል። ተቃራኒ ቡድን እኮ ነው!

በነገራችን ላይ፣ የልጅዎ ኳስ አልታጠፍ ካለች አይፍረዱበት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ብዙም አይታጠፍም። 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው የአሜሪካ ከተማ ዴንቨር እንኳ ወርዋሪዎች ያማርራሉ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከሷ በጣም ትበልጣለች።

ገንዘቡ የሚከፈለው ለምን መሰለዎት? ጀማሪው በመጀመሪያው ዙር ቢመታ ቡድኑ ገና 8 ዙር አለው። ክሎዘሩ ምንም የለውም። በ2001 ለዋንጫው በ7ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ያንኪስ 2 ለ 1 እየመራ ሪቬራ በ8ኛው ዙር ገባ፣ በ9ኛው ዙር 3 ለ 2 ተሸነፉ። አገር ምድሩ አየው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሰውዬ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ተመለሰ። ይሄን መሸከም የማይችል፣ ክንዱ ብረት ቢሆን እንኳ ብዙ አይቆይም።

ክንዱ ደግሞ ብረት አይደለም። የክርን ጅማት ይበጠሳል። በ1974 ቶሚ ጆን የተባለ ወርዋሪ ከሌላ ቦታ በተወሰደ ጅማት ተተክቶለት ተመለሰ፣ ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በስሙ ነው የሚጠራው። ከሱ ለማገገም ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ ቁጠሩለት። የአሜሪካ ቤዝቦል መመሪያ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ በቀን ቢበዛ 95 ውርወራ ይፈቅዳል፣ 66 ከደረሰ ግን 4 ቀን ማረፍ አለበት። ያ ለጨዋታ የወጣ ነው፣ ግንቡም ቢሆን ክንድ ያደክማል። ክርኔን ወይም ትከሻዬን አመመኝ ካለ ኳሱን ይደብቁበትና ሐኪም ያሳዩት።