ጥያቄና መልስ፦ ኮሌጅ ያሉ ልጆች ለስፖርት ይህን ያህል የሚፎካከሩት ለምንድን ነው?

የኮሌጅ ውድድር ሲጀመር የወላጆች ጥያቄም አብሮ ይጀምራል። በዚህ ዙር ከመረጥኳቸው ብዙዎቹ አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን የመጡ ናቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ ነው።

ልጄ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ሀገር አቋራጭ ይሮጣል። ኮሌጁ ለስፖርት ብሎ አምስት ሳንቲም አይከፍልለትም። ልጁ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ይሮጣል። የተሸነፈ ቀን ስልክ አያነሳም። ገንዘብ የለው፣ ዝና የለው፣ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚሆነው?
*አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

የልጅዎ ኮሌጅ ዲቪዥን ስሪ ከሚባሉት አንዱ ይመስለኛል። የአብዛኞቹን የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ትምህርት ቤቶቹን በሦስት ዲቪዥን ይከፍላቸዋል። በሦስተኛው የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት ክልክል ነው። የሚገርመው ግን ከሦስቱ ብዙ ተማሪ የሚወዳደረው እዚያ ነው። ስለዚህ የልጅዎ ነገር ለብቻው የመጣ አይደለም።

ገንዘብ የፉክክሩ ዋና ምክንያት ቢሆን ኖሮ ስኮላርሺፕ የሌላቸው ልጆች ከኋላ በቀሩ ነበር። ሃርቫርድን ይመልከቱ። በአንደኛው ዲቪዥን ውስጥ ነው፤ ነገር ግን እንደ ሌሎቹ የአይቪ ሊግ (እሱን ጨምሮ የስምንት ታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) አባላት ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። በ2023 እና በ2024 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የኤንሲኤኤን የወንዶች ሀገር አቋራጭ ያሸነፈው የሃርቫርዱ ግርሃም ብላንክስ ነበር። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያላቸውን ሯጮች ቀድሞ ነው የገባው።

ልጅዎን የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት የሀገር አቋራጭ ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር ማወቅ ይበቃል። አንድ ቡድን ሰባት ሯጭ ያሰልፋል። ነጥብ የሚያመጡት ቀድመው የገቡት አምስቱ ናቸው። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ ይዞ ይገባል፣ ሃያኛ የወጣ 20። የአምስቱ ይደመርና ትንሽ ነጥብ ያለው ቡድን ያሸንፋል።

አሁን የቡድኑን አምስተኛ ልጅ ያስቡት። ፊት ያሉት ተራርቀው ነው የሚሮጡት። እሱ ያለው ግን ትከሻ ለትከሻ በሚጋፋው መሃል ነው። እዚያ ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ አስርና ሃያ ሰው ሊያልፈው ይችላል። ያለፈው ሰው ሁሉ በቡድኑ ነጥብ ላይ ይጨመራል። ፊት ያለው ኮከብ ያተረፈውን እሱ በመጨረሻዋ ዳገት ላይ ሊያጠፋው ይችላል፤ ወይም ሊያድነው። ስድስተኛውና ሰባተኛውም ቢሆኑ በከንቱ አይሮጡም። ነጥብ ባያመጡም የተቃራኒውን ቡድን አምስተኛ ከቀደሙ የእሱን ነጥብ ያበዙበታል። አብሮት የሚበላ፣ አብሮት የሚተኛ ጓደኛው ውጤቱን እሱ ላይ ጥሎ እንደሚጠብቅ የሚያውቅ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ቀስ ብሎ ይሮጣል?

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ዕድሉ አራት የውድድር ዘመን ነው። ከሰባቱ አንዱ ለመሆን ደግሞ በየሳምንቱ ከራሱ ጓደኞች ጋር ይጋፋል። የዛሬ ዓመት ይደርሳል የማይባልበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ሲደውሉለት «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ አይበሉት። «ለቡድናችሁ ስንተኛ ገባህ?» ብለው ይጠይቁት። ወሬው ያን ጊዜ ይመጣል።

እኛ ዩኒቨርሲቲ ስንማር ኳስ ከክፍል በኋላ ላባችንን የምናወጣባት ነበረች። እዚህ ግን ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲና ስፖርት እንዴት እንዲህ ተሳሰሩ?
*ከዳላስ፣ ቴክሳስ*

እኛ ሀገር ጎበዝ ልጅ ከበቆጂም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ የሚይዘው ክለብ ነው። መከላከያ አለ፣ ንግድ ባንክ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ደሞዙንም አሰልጣኙንም የሚያገኘው ከዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ዩኒቨርሲቲው ነው። ትልቁ ልዩነት ይኸው ነው።

አጀማመሩም ያስገርማል። ኮሌጅ ከኮሌጅ የተወዳደረበት የመጀመሪያው ቀን በ1852 ነው። ሃርቫርድና ዬል ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ባለ አንድ ሐይቅ ላይ በጀልባ ቀዘፋ ገጠሙ፣ ሃርቫርድ አሸነፈ። ወጪውን የቻለው የባቡር ድርጅት ነበር፤ ወደ ሐይቁ መንገደኛ ለመሳብ ብሎ። ንግዱና ፉክክሩ በአንድ ቀን ነው የተወለዱት ማለት ይቻላል። በ1869 ደግሞ ራትገርስና ፕሪንስተን ፉትቦል (እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካው) ገጠሙ፤ ራትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም።

ፉክክሩ ሰው እስከ መግደል ደርሶ ነበር። በ1905 ተማሪዎች ሜዳ ላይ እየሞቱ ስላስቸገረ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሃውስ ጠርተው አነጋገሩ። በዓመቱ በ1906 ዛሬ ኤንሲኤኤ የምንለው ድርጅት ተመሠረተ። የተወለደው ተማሪ እንዳይሞት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ መታወቅ ያለበት ይመስለኛል።

ሕዝቡን በተመለከተ፣ አን አርበር ያለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል። ልጁ የሚጫወተው ያንን ሁሉ ሰው፣ ከዚያም ላይ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተመረቁትን ሽማግሌዎች ጭምር ተሸክሞ ነው።

ልጄ ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው። ግን ቮሊቦሉ ጊዜዋን እየበላው ነው። ትተይው ልበላት?
*እናት፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ*

እኔ ብሆን አልላትም። ግን ሰዓቷን አብሬያት እቆጥራለሁ።

ደንቡ በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። አንድ ቀን ማረፍም ግዴታ ነው። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። የጉዳት ሕክምና አይቆጠርም። የውድድር ቀን ሙሉ ቀን ቢፈጅም የሚቆጠረው 3 ሰዓት ተብሎ ነው። ስለዚህ ልጅዎ «ሃያ ሰዓት ነው» ስትልዎት እውነቷን ነው፤ እርስዎም «ጊዜዋን በላው» ሲሉ እውነትዎን ነው።

ሁለቱን አብረው ያስኬዱ አሉ። ያሬድ ንጉሤን ያውቁት ይሆናል። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ሉዊቪል ኬንታኪ ያደገ ልጅ ነው። ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ በ2019 የኤንሲኤኤ የ1500 ሜትር አሸናፊ ሆነ። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ በዚያው ርቀት ለአሜሪካ ነሐስ አመጣ። ሁሉም ልጅ ያሬድ አይሆንም። ላቦራቶሪ ያለባትን ቀን ከልምምድ ጋር የሚያስማማላት የቡድኑ የትምህርት አማካሪ ጋ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ትሂድ። አጋማሽ ላይ ሄዶ ማልቀስ አይረዳም።

ጋሼ፣ እኔ 12ኛ ክፍል ነኝ። 5,000 ሜትር እሮጣለሁ። አሜሪካ ስኮላርሺፕ የሚያስገኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ግን አስቀድሜ ገንዘብ እንድከፍልና ካገኘሁ ደግሞ ከስኮላርሺፑ ፐርሰንት እንድሰጠው ይፈልጋል። ልክፈል?
*ከአዲስ አበባ*

አትክፈል፣ ወንድሜ። በተለይ ፐርሰንት የሚለውን እንዳትነካው። በኤንሲኤኤ ደንብ ልጅን ኮሌጅ ለማስገባት በተገኘው ስኮላርሺፕ ልክ የሚከፈል ክፍያ ክልክል ነው። ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የመወዳደር መብትህንም ልታጣ ትችላለህ።

ለአሰልጣኝ ራስህ ጻፍ። የእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ ገጽ ላይ የአሰልጣኙ ኢሜይል አለ። አጭር ይሁን፦ ዕድሜህ፣ ምርጥ ሰዓትህ፣ የትና መቼ እንደሮጥከው፣ የትምህርት ውጤትህ። አዲስ አበባ ውስጥ የሮጥከው ከሆነ ከፍታውን ጥቀስ። ከ2,300 ሜትር በላይ የተሮጠ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ የርቀት አሰልጣኝ ያውቃል።

ብዙ ልጆች የሚወድቁት ግን በእግራቸው አይደለም፣ በወረቀታቸው ነው። ለዲቪዥን ዋን ከሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶችና ከ4 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠየቃል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ትራንስክሪፕትህ ይታያል። ዛሬውኑ ከትምህርት ቤትህ ማኅተም ያለበትን አውጣ። እንግሊዝኛህን አጠንክር። ከተመረቅህ በኋላ ዝም ብለህ ዓመታት አትቆይ፣ የመወዳደሪያ ጊዜህን ሊቀንሰው ይችላል። የጎዳና ላይ ሩጫ ሽልማት ብር ከመቀበልህ በፊትም ከምትገናኘው አሰልጣኝ ጋር ተነጋገር።

አይቻልም እንዳትል። የኤርትራው ሀብቶም ሳሙኤል ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ በ2024 የኤንሲኤኤን 10,000 ሜትር አሸንፏል። ኬንያዊው ኤድዋርድ ቼሴሬክ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ 17 የኤንሲኤኤ ድል ሰብስቧል። ኬንያውያን ይህን መንገድ ለብዙ ዓመት ተመላልሰውበታል። የእኛ ልጆች እምብዛም ያልሄዱበት መሆኑ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ልጃችን ሯጭ ናት። ዓቢይ ጾምን ትጾማለች፣ ደስ ይለናል። ዘንድሮ ግን በጣም ከሳች። «ቀለል ስል እፈጥናለሁ» ትላለች። ልንደሰት ነው ወይስ ልንፈራ?
*ከሲያትል፣ ዋሽንግተን*

ይህን ጥያቄ ስለላኩ አመሰግናለሁ። ፉክክር መልኩን የሚቀይረው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጾሙ በራሱ ጠላቷ አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጤፍ ሁሉም ጉልበት ያላቸው ምግቦች ናቸው። ችግሩ መጠኑና ሰዓቱ ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፣ የመም ውድድሩም የሚጦፈው በጸደይ ነው። ጠዋት ሮጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማትቀምስ ልጅ ያቃጠለችውን መልሳ ሳትተካ ማታ ትተኛለች። ይህ ሲደጋገም ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል። መጀመሪያ ሰዓቷ ሊሻሻል ይችላል፣ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ቀጥሎ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል። ቀጥሎ አጥንት ይሰነጠቃል። ሀኪሞች ይህን በደንብ ያውቁታል። የወር አበባ መቅረት የጥሩ ሯጭ ምልክት ነው የሚል ወሬ ሯጮች መካከል ይሰማል፤ ፍጹም ስህተት ነው።

ስለዚህ ልፍራ ወይ ካሉ፣ አዎ፣ ይፍሩ። እናቷ ስለ ወር አበባዋ ለብቻዋ ትጠይቃት። ቀርቶባት ከሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሀኪም ትይ። ደሟ ውስጥ ያለው የብረት መጠንና ቢ12 ይመርመር። ቢ12 ከአትክልትና ከጥራጥሬ አይገኝም። ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ብረቱን ሰውነቷ እንዲወስደው ይረዳል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አይሁን፣ ቆየት ብሎ ይሁን።

ከ2014 ጀምሮ የዲቪዥን ዋን ትምህርት ቤቶች ለስፖርተኞቻቸው ምግብ ያለገደብ ማቅረብ ተፈቅዶላቸዋል። ብዙዎቹ የሥነ ምግብ ባለሙያም አላቸው። ልጅቷ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ እንደማትበላ ለባለሙያዋ በግልጽ ትንገር፤ «ቬጋን ነኝ፣ ለሁለት ወር ያህል» ካለች ወዲያው ይገባቸዋል። ስለ ሰዓቱ ደግሞ የንስሐ አባቷን ታማክር። የታመመ ሰውነት እንዴት እንደሚጾም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አሰልጣኙ ስለ ክብደቷ በቡድኑ ፊት የሚናገር ሰው ከሆነ ግን ዝም አትበሉ። የአትሌቲክስ ክፍሉ ኃላፊ ጋ ይቅረብ። ትምህርት ቤት መቀየርም ቢሆን ይቻላል፣ ከአጥንቷ አይበልጥም።

አሁን እኮ ልጆቹ ብር እየበሉ ነው ይባላል። ፉክክሩ ሁሉ ለዚያ አይደለም?
*ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

ብሩ አለ። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ ሠርተው መከፈል ይችላሉ። በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ኤንሲኤኤ ራሱ እንደሚለው ከኮሌጅ ስፖርተኞች ፕሮፌሽናል የሚሆኑት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች ይወዳደራሉ፤ አብዛኞቹ ይህን ሒሳብ እያወቁት ነው የሚሮጡት።

በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የኤፍ-ዋን ቪዛ ሥራ ላይ ጥብቅ ነው። ማስታወቂያ ከመፈረማችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ጓደኛዬ ፈርሟል ማለት ለእናንተ ይፈቀዳል ማለት አይደለም።

ልጄ ልምምድ ላይ ትበራለች። ውድድር ላይ ትሞታለች። ፉክክር ያልፈጠረባት ናት ማለት ነው?
*አባት፣ ከአትላንታ*

አይደለም። ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ በ1898 ብስክሌተኞች ከሰው ጋር ሲሆኑ ለብቻቸው ከሚነዱት በላይ እንደሚፈጥኑ ጻፈ። ከዚያ ልጆችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ክር እንዲጠቀልሉ አደረገ። ከ40ዎቹ ግማሾቹ ፈጠኑ። አስሩ ብዙም አልተለወጡም። አስሩ ግን ባሰባቸው፤ ከመጓጓታቸው ብዛት እጃቸው ተሳሰረ። የእርስዎ ልጅ ከእነዚያ አስር ትሆናለች፤ ማሸነፍ ስላልፈለገች አይደለም፣ አብዝታ ስለፈለገች ነው።

እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሻላቸው ትንንሽ ውድድር ሲደጋገምላቸውና ሥራቸው ሲጠብላቸው ነው። «አሸንፊ» ሳይሆን «እስከ 800 ሜትር ከእገሊት ጀርባ ቁሚ» የሚል አሰልጣኝ ይረዳታል። ይህን ለአሰልጣኟ ራሷ ትንገረው፣ እርስዎ አይደውሉለት። ውድድር ላይ ሲገኙም የሩጫ ሰዓትዎን ቤት ትተው ይምጡ።